ኩሬው ዳር «አትጠብቀኝ» አለችው

ሮሆቦት ዋቅጋሪ ዓሣ ማጥመድ የተማረችው በደረቅ ሜዳ ላይ ነው። ያስተማራት ሰው አብዱልከሪም ይባላል።

ሮሆቦት ጉደር ከተማ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ቤቷ አምቦ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። አባቷ በዘመናቸው ስንቱን ያስተማሩ የተከበሩ ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ሰፊው ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና እናቷ አዴ ድንቅቱ ብቻ ነበሩ። አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። ኡርጂ በ2007 ክረምት ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ወርዶ፣ የሁሉቃ ወንዝ ከላይ ሳይታሰብ ሞልቶ መጣና ወሰደው። ከዚያ ወዲህ አዴ ድንቅቱ የሁሉቃን ድልድይ በእግራቸው ተሻግረው አያውቁም። ሴት ልጃቸውንም ሁለት እጇን ጨብጠው፣ «ውሃ ዳር ላትቆሚ ቃል ግቢልኝ» አሏት። ገባችላቸው። እናት እንዲህ ስታለቅስ ምን የማይገባ ቃል አለ?

ከጉደር ከተማ ወረድ ብሎ ለመስኖ የተቆፈረ ኩሬ አለ። በ2010 ዓ.ም. ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ተጨመረበትና እሱን የሚከታተል ባለሙያ ከባቱ ተቀጥሮ መጣ። ባለሙያው አብዱልከሪም ባቱ ዳር ባለው በዝዋይ ሐይቅ የሚያጠምድ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ፣ የሰው ቃል እንደወረደ የሚቀበል ሰው ነበር። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ኋላ ለሁለቱም መከራ ሆነ።

ሮሆቦት ተማሪዎቿን ይዛ ኩሬውን ልታሳይ ሄደች። ልጆቹ ወደ ዳር ሲሮጡ እሷ አጥሩ ጋ ቀረች። አብዱልከሪም ማብራሪያውን አቋርጦ ወደ እሷ መጣ።

«መምህርት፣ እባብ አይተው ነው?»

«አይ፣ ከዚህም ይታየኛል።»

«ከዚህ የሚታየው የእኔ ጀርባ ብቻ ነው እኮ።»

ሳታስበው ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ የአጥሩን እንጨት አንቀው በያዙት ጣቶቿ ላይ አርፎ ነበር። አያቸው፣ ዓይኗን አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ ተመለሰ። በዚያ ቀን ወደ አምቦ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ አብሯት ተቀመጠ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቷ ድረስ ቀጭን ዘንግ ይዞ መጣ። ኩሬው ጠባብ በመሆኑ ቆሮሶው ከልክ በላይ ተራብቶ ምግቡ ለሁሉም አልበቃም፤ ዓሣው ሁሉ ድንክ ሆኖ ሊቀር ነው። መረብ ቢጣል ትልቁንም ትንሹንም አፍሶ፣ ጭቃውን አተራምሶ ይወጣል። ተማሪዎቹ በመንጠቆ ትንንሾቹን እየለቀሙ ቢያወጡለት ግን ኩሬው ይተነፍሳል። መንጠቆዋ የሩዝ ፍሬ ታህል ነበር፤ የዶሮ ላባ በክር ተጠቅልሎባት ትንኝ አስመስሏታል። አጠማመዱን ሐይቁን ሊያጠኑ ከመጡ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር የተማረው፤ ሰውየው ሲሄዱ ዘንጋቸውን ለአባቱ ሰጥተው ነው የሄዱት።

«እኔ ኩሬ ዳር አልሄድም» አለችው ሮሆቦት።

«ማን ኩሬ አለ? ሜዳው ይበቃናል።»

በመንጠቆው ፈንታ ቁራጭ ቀይ ሱፍ አሰረና የኳስ ሜዳው ሣር ላይ አቆማት።

«የሚወረወረው መንጠቆው አይደለም፣ ክሩ ነው። ላባ ምን ክብደት አለው? ወፍራሙ ክር ነው ተሸክሞት የሚሄደው። ዘንጉን ወደ ኋላ ያንሡ። ይቁሙ። ክሩ ከኋላዎ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ፊት።»

ወረወረች። ክሩ ራሷ ላይ ተከመረ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ቸኮሉ።»

«አልቸኮልኩም። ደግሞ አንቺ በለኝ፤ እዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ክር ተጠምጥሞብኝ እርስዎ መባል አልችልም።»

«እሺ። ቸኩለሻል» አላት ፈገግ ብሎ፣ ክሩን ከፀጉሯ ላይ አንድ በአንድ እየፈታ። ጣቶቹ ጆሮዋን ነኩ።

በጋውን ሁሉ በሣር ላይ ወረወረች። ክሩ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሱፉ በታለመለት ቦታ እንደ ቅጠል ሲያርፍ እንዴት ደስ እንደሚል ገባት። በመጋቢት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ኩሬው ድረስ በእግሯ መጣች። አብዱልከሪም ባያት ጊዜ በእሷና በውሃው መካከል ቆመና ዘንጉን ሰጣት።

«ሸምበቆው ጥግ፣ ጥላው ያለበት። ካረፈች በኋላ ትንሽ ትስጠም። ከዚያ በጣትሽ ጫፍ ሳብ፣ ተይ፤ ሳብ፣ ተይ። ነፍስ ያላት ትንኝ እንድትመስል።»

ሳብ አደረገች፣ ተወች። ክሩ በድንገት ተወጠረ።

«እንዳትነጥቂው! አፉ ስስ ነው፤ ዘንጉን ቀስ ብለሽ ብቻ አንሺ።»

መዳፍ የማያህል ዓሣ ብር እየመሰለ ወጣ። ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ አስቆማት። «በደረቅ እጅ ከያዝሽው ይላጣል። መጀመሪያ እጅሽን አርጥቢ።»

ሮሆቦት ውሃውን አየችው። ከኡርጂ ወዲህ ወራጅ ይሁን የቆመ፣ ከቤት ውጭ ያለ ውሃ ነክታ አታውቅም። ተንበረከከችና እጇን እስከ አንጓዋ አስገባች። ሞቅ ያለ ነበር። ዓሣውን ይዛ፣ መንጠቆውን አውልቃ፣ መልሳ ለቀቀችው። ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ለማንም ያልነገረችውን የኡርጂን ነገር ሁሉ ነገረችው። እሱ ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ጨርሳ እስክትነሣ ጠበቃት። ሰው በቃል ብቻ ሳይሆን በዝምታም እንደሚወደድ ሮሆቦት ያን ቀን አወቀች።

•

ፍቅራቸው በጉደር ሜዳ ለምልሞ አምቦ ሲደርስ የሚገባበት ደጃፍ አጣ። እሱ ሙስሊም፣ እሷ ከአያቷ ጀምሮ ፕሮቴስታንት። እሱ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ እሷ የርዕሰ መምህሩ። ይህ ሁሉ ሆኖም በ2012 አብዱልከሪም ደፈረና አለቃውን አቶ ብዙነህን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላከ።

አዴ ድንቅቱ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው የመጡበትን ሰሙ።

«ሃይማኖቱ ሌላ ነው አላችሁ። እሱ እንኳ ይቅር» አሉ። «ሥራው ምንድን ነው?»

«የዓሣ ባለሙያ ነው፤ አባቱም በሐይቅ ላይ...» አቶ ብዙነህ ቃሉን ሳይጨርሱ ስሕተታቸው ገባቸው።

አዴ ድንቅቱ ተነሡ። «ኦቦ ብዙነህ፣ አንድ ልጄን ውሃ ወስዶብኛል። ሁለተኛዋን እኔው በእጄ ለውሃ ሰው እንድሰጥ ነው የመጣችሁት?»

ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አስጠላቸው፤ ሮሆቦት ከሥራ ስትመለስ ደጅ ላይ ቆመው ጫማዋን ያያሉ፤ ጭቃ ይኖርበት እንደሆነ። አንድ ጊዜ ኩሬው ዳር ቆይታ ብትመለስ እናቷን ወለሉ ላይ ራሳቸውን ስተው አገኘቻቸው።

በዚያው ሰሞን የአብዱልከሪም ሥራ ወደ ባቱ ተዛወረ። የአባቱ ዓይን እየደከመ ነበርና እምቢ የሚልበት አልነበረም። ከመሄዱ በፊት ኩሬው ዳር ተገናኙ።

«ሮሆ፣ አብረሽኝ ነይ ብዬ እናትሽን አላስገድልም» አላት። «አንድ ቃል ስጪኝ። አንድ ዓመት ይሁን አምስት፣ ጠብቅ በይኝ። እጠብቃለሁ።»

ሮሆቦት ወለል ላይ የወደቁት እናቷ ታዩዋት። ይህን የመሰለ ሰው በማይከፈት ደጃፍ ዕድሜውን ሲጨርስ ታያት። ከሁሉ ይልቅ ግን፣ «ምንም ብትይ አልሄድም» ብሎ እንዲቆጣት ፈለገች። አንዲት ሴት ገፍታ የምታየው እንዲህ ነው፤ የምትወደው ሰው እንደማይወድቅ ለማወቅ።

«አትጠብቀኝ» አለችው።

አያት።

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው። ሂድ፣ ኑሮህን ኑር። አትጠብቀኝ።»

በውስጧ «እምቢ በለኝ፤ አንድ ጊዜ እምቢ በለኝ» እያለች ነበር። እሱ ግን እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ፣ ዘንጉን መሬት ላይ አኖረላትና የኩሬውን ግድብ ይዞ ሄደ። ዞር ብሎ አላየም። ሮሆቦት ጀርባው ከዛፎቹ ኋላ እስኪጠፋ ቆማ፣ ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ያልወጣው ድምፅ ለዓመታት ጉሮሮዋ ውስጥ ኖረ።

•

ከዚያ በኋላ የነበራቸው ነገር የበዓል መልእክት ብቻ ሆነ። በዒድ «ዒድ ሙባረክ» ትለዋለች፤ በገና «እንኳን አደረሰሽ፤ ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» ይላታል። ሌላ ነገር ጽፋ አጥፍታለች፤ እሱም ጽፎ አጥፍቶ እንደሆነ አታውቅም። ቀስ በቀስ የበዓሉም መልእክት ቀረ። ደውላ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» እንዳትለው ምን ብላ? እናቷ እንደሆኑ ያው ናቸው።

ኩሬውን ግን አልተወችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጉደር ትወርዳለች፤ ለእናቷ «ማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ» ትላለች። ከኋላዋ ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ክሩን ወደ ኋላ ሳትልክ ውሃው ላይ አንከባልላ መወርወርን ብቻዋን ተማረች። ቆሮሶ ጎጆውን ሲጠብቅ ያየችበትን ቦታ አልፋ ታጠምዳለች፤ ልጆቹን ከሚጠብቅ አባት ፊት መንጠቆ አትጥልም።

በ2015 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልትወጣ ስትል አዴ ድንቅቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«እኔንም ውሰጅኝ።»

«ወዴት ሃርሜ፣ እናቴ? ትምህርት ቤት እኮ...»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አፍንጫዬ የዓሣ ሽታ የማያውቅ መሰለሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ እጅሽን እያሸተትኩ ነው ስትተኚ የማድረው። ሄዳ ቀረች እያልኩ፣ ደግሞ ስትመለሺ እያየሁ። ውሃው አልወሰደሽም። የት እንደምትቆሚ ልይ።»

በሚኒባስ ጉደር ወረዱ። ግድቡ ሥር ሲደርሱ ሮሆቦት ወገባቸውን ደግፋ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ዘንጓን አንሥታ ወረወረች። ክሩ ተዘረጋ፣ ላባዋ ሸምበቆው ሥር አረፈች። ሳብ፣ ተይ። ትንሽ ዓሣ ወጣ። እጇን አርጥባ ያዘችው፣ ለእናቷ አሳየቻቸውና ለቀቀችው።

አዴ ድንቅቱ ዓሣው የገባበትን ቦታ ትኩር ብለው አዩ።

«ኡርጂም ደስ ብሎት ነበር አይደል የወረደው?» አሉ በመጨረሻ። «እየሳቀ ነበር አሉ ጓደኞቹ። እኔ መሞቱን ብቻ ነው ስቆጥር የኖርኩት። መሳቁን ረስቼው።»

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከኡርጂ ቀብር ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። አዴ ድንቅቱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው፣ «ይህን ያስተማረሽ እሱ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው።»

«ከውሃ የሚያስታርቅ ሰው ኖሯል እኔ የመለስኩት። ሃይማኖቱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ እሱ ያስተካክለው። ያን ልጅ ጥሪልኝ።»

ሮሆቦት የእናቷን ጉልበት አቅፋ ሳመች። በማግስቱ አቶ ብዙነህን ብትጠይቃቸው ነገሩ እንደ ተአምር ሆነላት፤ አብዱልከሪም በሚቀጥለው ሳምንት ለገበሬዎች ሥልጠና ሊሰጥ እዚያው ኩሬ ይመጣል። ስለ ኑሮው አቶ ብዙነህ የሚያውቁት አልነበረም። መደወል ትችል ነበር። አልደወለችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት እንጂ በስልክ አይነገርም አለች። ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ስታስተምር ጠመኔ ከእጇ እየወደቀ ተማሪዎቿ ሳቁባት፤ እሷም አብራቸው ሳቀች። እንደዚያ ሳምንት ደስ ያላት ጊዜ በሕይወቷ የለም።

•

አዴ ድንቅቱ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር የሄዱት። አብዱልከሪም ከመኪና ሲወርድ ሮሆቦት ከሩቅ አወቀችው፤ ትንሽ ወፍሯል፤ አረማመዱ ያው ነው። ዓይኖቹ ግድቡን ቃኝተው እሷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ፣ አንድ ሰው ከውስጥ መብራቱን ያጠፋበት ይመስል፣ ጠቆረ። ሮሆቦት አየችው፤ ግን ድንጋጤ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

ሲቀርብ አዴ ድንቅቱን አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«አዴ፣ አካም ጂርቱ? ደህና ነዎት? እዚህ? ውሃ ዳር?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ጋላታ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ቅረብ።» ሁለቱን እጆቹን ያዙ። «በአገራችን የሴት ወገን አይለምንም። ሽማግሌ ላክህብኝ፣ መለስኳቸው። አንተን ጠልቼ አልነበረም፤ ሐዘኔ ነው የመለሰህ። ዛሬ ሽማግሌም ምንም የለም፤ ራሴ መጥቻለሁ። ይቅር በለኝ። ልጄን ልሰጥህ መጥቻለሁ።»

አብዱልከሪም ቀስ ብሎ እግራቸው ሥር ተንበረከከ፤ እጃቸውን እንደያዘ ግንባሩን መዳፋቸው ላይ አሳረፈ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አዴ ድንቅቱ ደስታ መስሏቸው ራሱን ዳበሱት።

ሮሆቦት ግን ገባት። ደስ ያለው ሰው ፊቱን አይሰውርም።

«አግብተሃል» አለችው።

ቀና አለ። ዓይኖቹ ሞልተው ነበር።

«አግብቻለሁ።»

አዴ ድንቅቱ እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሡ፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሮሆቦትና አብዱልከሪም ግድቡን ይዘው ጥቂት ተራመዱ። ገበሬዎቹ ወዲያ ማዶ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

«መቼ?»

«ዘንድሮ፣ ከረመዳን በፊት። አባቴ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። የልጄን ልጅ ድምፅ እንኳ ሳልሰማ ልሙት? ብሎ አለቀሰ። መፍቱሃ ትባላለች። የጎረቤታችን ልጅ ናት።» ወደ ውሃው ዞረና፣ «ነፍሰ ጡር ናት» አለ።

ሮሆቦት የሆነ ነገር ልትደገፍ ፈለገች፤ በዙሪያዋ ምንም አልነበረም።

«ትወዳታለህ?»

«ጥሩ ሰው ናት። ሮሆ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ብመልስልሽ ወይ አንቺን እጎዳለሁ፣ ወይ እሷን በሌለችበት አማለሁ።»

«ለምን አልጠበቅከኝም?» ያን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዋ ውስጥ የታሰረው ድምፅ አሁን፣ በማይጠቅምበት ሰዓት፣ ፈንድቶ ወጣ። «ለምን ከሪም? ለምን?»

«አትጠብቀኝ አልሽኝ።»

«እንዳትሰማኝ ነበር ያልኩህ!»

ገበሬዎቹ ዞር ብለው አዩ። አብዱልከሪም እንደተመታ ሰው ቆመ።

«ከልብሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ እኮ» አለ በቀስታ። «ከልቤ ነው አልሽ። እኔ ያንቺን ቃል ተጠራጥሬ አላውቅም። ውሃው ያስፈራኛል ስትይኝ አመንኩሽ፤ ሂድ ስትይኝም አመንኩሽ።» ድምፁ ተሰበረ። «ደግሞ አልጠበቅክም አትበይኝ። ጠብቄሻለሁ። ስልኬ በጠራ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ ሮጫለሁ። ሰው ለምን አታገባም ሲለኝ፣ አትጠብቀኝ ያለችኝን ሴት እየጠበቅኩ ነው ብዬ መናገር አፍሬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን፣ ይህ መጠበቅ ሳይሆን እሷ ያልፈለገችኝን ነገር በግድ መያዝ ነው አልኩ። ያን ቀን ለአባቴ እሺ አልኩት።»

«አንድ ጊዜ ብትደውል...»

«አንድ ጊዜ ብትደውዪ።»

ተያዩ። ሁለቱም ስልካቸውን አንሥተው ያስቀመጡባቸው ምሽቶች በመካከላቸው ቆሙ። ለዚያ የሚሆን ቃል አማርኛም ኦሮምኛም ውስጥ አላገኙለትም።

ሮሆቦት ፊቷን በመዳፎቿ ጠረገች። «ሂድ» አለችው። «አሁን ከልቤ ነው። ከልቤ መሆኑን እይ፤ ዓይን ዓይኔን እየኝ። መፍቱሃን ደህና አድርገህ ያዛት። የምትናገረውን ብቻ አትስማት፤ ዝም ስትልም ስማት። እኔ ላይ ያለፈው እሷ ላይ እንዳይደርስ።»

«ሮሆ...»

«ሂድ፣ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው።»

ሄደ። ወዲያ ማዶ ዘንጉን አንሥቶ ለገበሬዎቹ ሊያሳይ ሲወረውር ክሩ ተወሳስቦ ትከሻው ላይ ወደቀ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ከሪም ክር ሲያበላሽ ሮሆቦት አይታ አታውቅም ነበር። ሮጣ ሄዳ ልትፈታለት እግሯ ተነሣ። መሬቱን ረግጣ ቆመች፤ እንደዚያ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ እሷና ፈጣሪዋ ብቻ ያውቃሉ።

•

ወደ አምቦ ሲመለሱ አዴ ድንቅቱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር። ሜዳው፣ ጤፉ፣ የቆርቆሮ ቤቱ ሁሉ እያለፈ ነው፤ እሳቸው ግን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ።»

ሮሆቦት «አይደለም ሃርሜ» ልትል ፈለገች፤ ጥሩ ልጅ እንዲህ ነው የምትለው። ግን ከልብ ባልሆነ ቃል የደረሰባት ቁስል ገና አልደረቀም።

«ነሽ» አለች። «እኔም ነኝ። ያልፈለግኩትን አፌ ተናገረ።»

እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ከመስማት ውሸቱ ይሻላቸው እንደሆነ አላወቁም፤ ግን የልጃቸውን እጅ አጥብቀው ያዙ፤ እሷም አልነጠቀቻቸውም።

ቤት እንደገቡ ሮሆቦት መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ልትዘጋ ስትል አዴ ድንቅቱ ጠሯት። ከአልጋቸው ላይ ፍራሹን ጎትተው አውርደው ሳሎኑ ወለል ላይ እያነጠፉ ነበር፤ ሰው ሲሞት ለሐዘንተኛ እንደሚነጠፈው።

«ሃርሜ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኮቱ፣ ነይ ቁጭ በይ።»

«ማን ሞተ ብለን?»

«ወንድምሽ የሞተ ጊዜ አገር መጣልኝ፤ ወር ሙሉ ሰው ከጎኔ አልተለየም። ለእንዲህ ያለው ሐዘን ግን ለቀስተኛ አይመጣም፤ ሰው ብቻውን ነው የሚበላው። እኔ እያለሁ ብቻሽን አትበዪውም።»

ጎረቤታቸው አዴ ኡርጌ በሩ ተከፍቶ ፍራሹን ቢያዩ ደንግጠው ገቡ። «ምነው? ምን ሆናችሁ? ምን መጣ?»

ሮሆቦት ልትሸሽግ ቀና አለች። አዴ ድንቅቱ ቀደሟት።

«ልጄ የምትወደው ሰው ቀርቶባት ነው» አሉ፣ ሳያፍሩ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቀመጡ።»

አዴ ኡርጌ ለአፍታ ግራ ተጋብተው ቆሙ። ከዚያ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና፣ ማንም የሚያስረዳቸው ሳያስፈልግ፣ ከፍራሹ ጥግ ተቀመጡ። ሮሆቦት ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች። ለቅሶዋ ድምፅ አውጥቶ መጣ፤ ሁለቱ ሴቶችም ዝም በይ አላሏትም።